የስጦታው መጨረሻ የት ነው?

በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን ስለ ጤና ኮምፒዩተሮች፣ ስለ ባትሪዎችና ስለ ምድር አደራ ለጥናት ክፍሎች የቀረበ ትምህርት

ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በየአጥቢያው ላሉ የጥናት ክፍሎችና በየጣቢያው ለሚሠሩ የፕሮጀክት ሠራተኞቻችን ነው። ርእሱ ለአንዳንዶች እንግዳ ሊመስል ይችላል። «ኮምፒዩተርና ባትሪ የባለሙያ ጉዳይ ነው፤ ከጉባኤ ጥናት ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል አይጠፋም። እኛም እንዲሁ እናስብ ነበር። በአንድ ጤና ኬላ ያየነውን ብናስቀድም ግን ጥያቄው ራሱ መልስ ያገኛል ብለን እናምናለን።

1. በጤና ኬላው ጓሮ ያየነው

ከአዳማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ ውስጥ ለሚያገለግል ጤና ኬላ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደጋፊዎች ባገኘነው ገንዘብ የፀሐይ ኃይል መቀበያ፣ አራት ትልልቅ ባትሪዎች፣ አንድ ኮምፒዩተርና ሁለት ታብሌቶች ሰጥተን ነበር። በምረቃው ቀን ጸሎት ተደረገ፤ ቡና ተፈላ፤ ፎቶግራፍም ተነሣን። ሪፖርታችንን ጽፈን ላክን፤ መዝገቡም ተዘጋ።

ባለፈው ዓመት ለሌላ ጉዳይ ወደዚያ ቀበሌ በሄድንበት ጊዜ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «ወንድሞቼ፣ እስቲ ኑና አንድ ነገር ላሳያችሁ» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችን። ኮምፒዩተሩ ከተበላሸ ሁለት ዓመት ሆኖት በካርቶን ውስጥ ተቀምጧል። ከአራቱ ባትሪዎች ሁለቱ አብጠው በመጋዘኑ ጥግ ተቆልለዋል። የቀሩት ሁለቱ ግን ተፈልጠው ባዶ ቀፏቸው ብቻ ነበር። ጥበቃው አባት እንደነገሩን፣ የሰፈር ወጣቶች ውስጡን እርሳስ አውጥተው አቅልጠው ለዓሣ መረብ ማክበጃ ሸጠውታል። ፈሳሹን አሲድ የደፉበት ቦታ ሣር አልበቀለበትም። ከዚያ ቦታ ጥቂት እርምጃ አልፎ እናቶች ለክትባት ተራ ሲጠብቁ ልጆቻቸው አፈር ይጫወቱ ነበር።

እኅታችን በቁጣ ሳይሆን በኀዘን እንዲህ አለችን፤ «ባትሪዎቹን ስትሰጡን ደስ ብሎን ነበር። ሲሞቱ ግን ለማን እንደምንመልሳቸው አልነገራችሁንም።»

በዚያች ቀን የምንመልሰው ቃል አልነበረንም። ይህ ትምህርት የዚያ ዝምታ ውጤት ነው።

2. መሣሪያው ለምን መጣ?

ወደ ጥፋታችን ከመግባታችን በፊት ስለ መሣሪያው ጥቅም እውነቱን መናገር ይገባናል። አገራችን የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን እ.ኤ.አ. በ2003 ከጀመረች ወዲህ ከ30,000 በላይ ሠራተኞች ሠልጥነው በየቀበሌው ተሠማርተዋል። እነዚህ እኅቶች የእያንዳንዱን ቤት እናት፣ ሕፃንና ሽንት ቤት ሳይቀር በቤተሰብ ፎልደር ሲመዘግቡ ኖረዋል። ወረቀቱ ይቀደዳል፤ አይጥ ይበላዋል፤ ቁጥሩም ወር ሲያልቅ በእጅ ተደምሮ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወደ ወረዳ ሲሄድ ይሳሳታል።

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ይህን ለማሻሻል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ «የመረጃ አብዮት» የተባለውን ዕቅድ አወጣ። ከዚያም ወዲህ በኖርዌይ አገር በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው የሪፖርት ሥርዓት በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ ዋለ። ለጤና ኬላዎችም በታብሌት የሚሠራ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ተዘረጋ። ይህ ሥርዓት ኔትዎርክ በሌለበት ቦታ መዝግቦ በኋላ መላክ ስለሚችል ለገጠር ይስማማል። ክትባት ያቋረጠ ሕፃን በስም ይታወቃል፤ የእርግዝና ክትትል ቀኗ ያለፈባት እናት ትፈለጋለች። በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ ያለ ሐኪም የበሽተኛውን የቀድሞ መዝገብ ከመደርደሪያ ሳይፈልግ ቢያገኝ ሕይወት ይድናል። እንግዲህ መሣሪያው መልካም ነው። ጥያቄው መልካሙ ነገር የሚያስከትለውን ሸክም ማን ይሸከማል የሚል ነው።

3. መውጫ የሌለው ሸለቆ

ይህ ጥያቄ በየትኛውም አገር ያለ ነው። በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ግን የተለየ ክብደት አለው። ምክንያቱን ለመረዳት ካርታ መመልከት ይበቃል።

የአዋሽ ወንዝ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ካሉት ደጋዎች ተነሥቶ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል። ከዚያ የወንጂን ሸንኮራ አጠጥቶ፣ በመተሐራ በኩል አልፎ ወደ አፋር ይወርዳል። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ግን ባሕር አይደርስም፤ በጅቡቲ ወሰን አጠገብ በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ወደ ደቡብ ስንመለከትም እንደዚሁ ነው። የዝዋይ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ይፈስሳል፤ ከአቢያታ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ሻላም መውጫ የለውም።

ይህ ማለት ሸለቆአችን እንደ ሳሕን ነው። የፈሰሰበት ሁሉ እዚያው ይቀራል። በሌላ አገር ቆሻሻን ወደ ወንዝ የሚጥል ሰው «ባሕር ይወስደዋል» ብሎ ራሱን ያታልል ይሆናል፤ እኛ ግን በዚህ እንኳ ልንታለል አንችልም። የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል ወደ ቆቃ ሲወርድ ኖሯል። የአዳማ ሕዝብም የሚጠጣው ከዚያው ከአዋሽ ተስቦ የተጣራ ውኃ ነው። ስለዚህ በአንድ ጓሮ የተደፋ የባትሪ አሲድ፣ በአንድ ቆሻሻ መጣያ የተቃጠለ የኮምፒዩተር ሽቦ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ወደ ታች ይወስደዋል፤ ታች ያለውም የሌላ ሰው መጠጥ ነው።

እርሳስ ደግሞ በጊዜ ብዛት የሚጠፋ ነገር አይደለም። የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም «ይህን ያህሉ አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ያስተምራል። ለፀሐይ ኃይል የሚያገለግል አንድ ትልቅ የእርሳስ ባትሪ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሲመዝን ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ ነው። አራቱ ባትሪዎቻችን እንግዲህ ከ60 ኪሎ ግራም የሚበልጥ እርሳስ ወደዚያ ግቢ አስገብተዋል። ያስገባነው እኛ ነን፤ እንዴት እንደሚወጣ ግን አላሰብንም።

4. ሸለቆው አስቀድሞ ያስተማረን

መልካም አስቦ ጉዳት ማድረስ በዚህ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። የአካባቢያችን ሰዎች ቡናማ ጥርስ ያላቸው ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችን እናውቃለን። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሚሟሟ ፍሎራይድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ሲሆን፣ በአንዳንድ የሸለቆው ጉድጓዶች ግን ከ10 ሚሊ ግራም የሚበልጥ ተገኝቷል።

ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት ለመልካም ነበር። ከወንዝና ከኩሬ የሚጠጣ ሕዝብ በተቅማጥ እንዳይሞት ታስቦ ነው። ውኃው ጥሩ መልክ ነበረው፤ ተቅማጡም ቀነሰ። ጉዳቱ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። አስቀድሞ በልጆች ጥርስ ላይ፣ ቀጥሎም ለረጅም ጊዜ በጠጡት ላይ አጥንት በማድረቅና ጀርባን በማጉበጥ ተገለጠ። በወንጂ ሸዋ የስኳር ልማት አካባቢ የኖሩ ሠራተኞችና ቤተሰቦች ይህን ችግር በአካላቸው ተሸክመውታል።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ጥቅሙ ወዲያው ሲታይ ጉዳቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛ፣ መፍትሔውም ቢሆን ጠባቂ ይፈልጋል። ፍሎራይድን ለማጥለል የአጥንት ከሰል ማጣሪያ በአንዳንድ መንደሮች ተተክሏል። ማጣሪያው አቅሙ ሲያልቅ ግን ውኃ ማውረዱን አያቆምም፤ ፍሎራይዱን መያዝ ብቻ ያቆማል። የሚያየው ሰው ሁሉ እየሠራ ይመስለዋል። ከሰሉን በጊዜው የሚለውጥ ሰው ካልተመደበ ማጣሪያው ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የእኛም የፀሐይ ኃይልና ኮምፒዩተር እንዲሁ ነው፤ ጣሪያው ላይ ያለው መስታወት ሲያብረቀርቅ ታች ያለው ባትሪ ሞቶ ይገኛል።

5. ኃይሉ ከየት ይመጣል?

የአዳማ ሰው ወደ ኮረብታው ቀና ሲል የንፋስ ተርባይኖችን ያያል። የመጀመሪያዎቹ 34 ተርባይኖች እ.ኤ.አ. በ2012 ተመርቀው 51 ሜጋ ዋት፣ ተከትለው የመጡት 102 ተርባይኖች በ2015 ተመርቀው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተተክለዋል። በአቅራቢያችን የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ኃይል ሰጥቷል። በአሉቶ ላንጋኖም የአገሪቱ የመጀመሪያው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ተሠርቷል። ከዚህ ሁሉ በላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውኃና ከንፋስ የሚገኝ በመሆኑ ከብዙ ሀብታም አገሮች ይልቅ ንጹሕ ነው።

ይሁን እንጂ የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው፣ ተርባይኖቹ በሚታዩበት ቀበሌ ያለው ጤና ኬላ መብራት የሌለው ወይም የሚቆራረጥበት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት መግለጫ በድኻ አገሮች አንድ ቢሊዮን ያህል ሕዝብ አስተማማኝ መብራት በሌላቸው ወይም ጭራሽ መብራት በማያውቁ የጤና ተቋማት እንደሚገለገል ተመልክቷል። መብራት ሲጠፋ የሚነሣው ናፍጣ ጄኔሬተር ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። አንድ ጤና ጣቢያ በቀን 3 ሊትር፣ በዓመት 300 ቀን ቢያቃጥል 900 ሊትር ይሆናል፤ ጭሱም ከ2,400 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ገንዘቡ ለመድኃኒት መሆን ይችል የነበረ ገንዘብ ነው።

አንድ ሌላ የተሰወረ ነገር አለ። ላፕቶፕ ወይም ስልክ በዕድሜው ሁሉ ከሚያስከትለው የካርቦን ጭስ አብዛኛው የሚወጣው በምንጠቀምበት ጊዜ ሳይሆን በፋብሪካ ሲሠራ ነው። በውስጡ ላለው ባትሪ የሚያስፈልገው ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚቆፈረው በኮንጎ ነው፤ በዚያም ሕፃናት ሳይቀሩ በእጃቸው ሲቆፍሩ እንደሚገኙ ተመስክሯል። ኤሌክትሪካችን ንጹሕ በሆነበት አገር እንግዲህ ትልቁ ዕዳ በመግዛትና በመጣል ላይ ነው። ሦስት ዓመት የሚያገለግለውን መሣሪያ በጥገና ስድስት ዓመት ማሠራት ግማሹን ዕዳ መተው ማለት ነው።

6. «ሕፃናት እየሞቱ ስለ ባትሪ ታወራላችሁን?»

ይህን ተቃውሞ በየስብሰባው እንሰማለን፤ ተቃዋሚዎቹም ቅን ሰዎች ናቸው። «የሀብታም አገሮች ናቸው ምድርን ያበላሹት። የእኛ አንድ ጤና ኬላ ምን ያህል ያበላሻል? ስለ አካባቢ መጨነቅ የጠገበ ሰው ጉዳይ ነው፤ ለእኛ የምታስፈልገን የዳነች እናት ናት።»

በዚህ ንግግር ውስጥ እውነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻ አወጣች፤ ከዚህ ውስጥ በሚገባ ተሰብስቦ ለዳግም ሥራ መዋሉ የተመዘገበው ከመቶ 22 ብቻ ነው። የዚህ ክምር ብዙው የመጣው ከእኛ አይደለም። ባለጸጎቹ አገሮች የሚጠየቁበትን በእኛ ጤና ኬላ ላይ መጫን ፍርድ ማጣመም ነው። መብራት የሌለው ማዋለጃ ክፍል ናፍጣ እንዳያቃጥል መከልከልም ጭካኔ ነው። በጨለማ የምትወልድ እናት ካለች ጄኔሬተሩ ይነሣ!

ነገር ግን ተቃውሞው አንድ ነገር ይስታል። የጓሮው እርሳስ የሚጎዳው ሩቅ ያለን ሰው አይደለም። ያቺው እናት በሰላም የወለደችውን ልጅ ነው። በክትባት ያዳንነውን ሕፃን በእርሳስ ብንጎዳው ነገሩ ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ይሆናል። ስለዚህ «ጤና ወይስ አካባቢ» የሚለው ምርጫ እዚህ የለም። የጤና ኬላው አፈር የጤና ኬላው ሥራ አካል ነው።

ደግሞም ዘላቂነት የሌለው ነገር ጤናንም አይሰጥም። ኢትዮጵያን በጤና መረጃ ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲረዳ የነበረው የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ተዘጋ። በውጭ ገንዘብ ብቻ የቆመ ነገር ሁሉ ያን ጊዜ ተፈትኗል። ባትሪው ሲሞት የሚገዛለት፣ ታብሌቱ ሲሰበር የሚጠግነው ሰው ከአካባቢው ካልተገኘ፣ እኅታችን ወደ ወረቀቷ ትመለሳለች፤ ቆሻሻው ግን ከእርሷ ጋር ይቀራል።

7. ከቅዱሳት መጻሕፍትና ከሕግ የምናገኘው መመሪያ

በጥናት ክፍላችን ሦስት ቦታዎችን እንድታነቡ እንጋብዛለን። በዘፍጥረት 2፥15 ሰው በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትም እንዲጠብቃትም ነው፤ ሁለቱ ሥራዎች አልተነጣጠሉም። በዘዳግም 23፥12–14 ሕዝቡ በሰፈር ሲኖር ቆሻሻውን ከሰፈር ውጭ ወጥቶ እንዲቀብር ታዟል። ለዚህም እያንዳንዱ ሰው መቆፈሪያ ከመሣሪያው ጋር እንዲይዝ ተነግሮታል። ልብ በሉ፤ የሚያስወግድበት ዕቃ የታዘዘለት አስቀድሞ፣ ገና ጉዞ ላይ ሳለ ነው። በሉቃስ 14፥28 ደግሞ ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ተጽፏል። እኛ የግዢውን ወጪ ቆጥረን ነበር፤ የማስወገጃውን ግን አልቆጠርንም። መቆፈሪያ ሳንይዝ ወጣን ማለት ነው።

በኦሮሞ አባቶችና እናቶች ዘንድም «ሰፉ» የሚባል ነገር አለ፤ ለሰውም ለፍጥረትም የሚገባውን ክብር ጠብቆ መኖር ማለት ነው። ውኃ የሚቀዳበትን ቦታ ማርከስ ነውር መሆኑን ሽማግሌዎቹ ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር።

የአገራችን ሕግም ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ለሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ይሰጣል። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ቆሻሻን አያያዝ የሚመለከተው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 ይህ ዓይነቱ ቆሻሻ የተለየ አያያዝ እንደሚያስፈልገው ወስኗል። ከዚህም ሌላ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለ። አሮጌ ኮምፒዩተር የበሽተኞችን ምስጢር ይዞ ወደ ገበያ ቢወጣ የምንጎዳው አፈርን ብቻ አይደለም፤ የሰውንም ክብር ነው።

8. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በጣቢያዎቻችን የጀመርናቸውንና እናንተም ልትጀምሯቸው የምትችሏቸውን እንዘርዝር።

ሀ/ ከመግዛት በፊት መጠየቅ። ይህ ሥራ በእውነት ሌላ መሣሪያ ያስፈልገዋልን? በብዙ ቦታ ታብሌቱ ከመጣ በኋላም ወረቀቱ ሳይቀር ሁለቱም ይሞላሉ። እኅቶቻችን በእጥፍ ይደክማሉ፤ ወረቀትም ኤሌክትሪክም ይባክናል። አንዱን ለመተው ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ሳይስማሙ ሌላውን መጨመር አይገባም። የማንጠቀምበትን መረጃም አንሰብስብ።

ለ/ ጥቂት ኃይል የሚበላውን መምረጥ። የጠረጴዛ ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ 120 ዋት ያህል ሲወስድ ላፕቶፕ በ40 ዋት ይሠራል። በቀን 8 ሰዓት ቢሠሩ አንዱ 960፣ ሌላው 320 ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ኃይሉ ሲያንስ የምንገዛው ባትሪ ያንሳል፤ ባትሪው ሲያንስ የምንጥለውም ያንሳል።

ሐ/ ባትሪን ከሙቀት መጠበቅ። የእርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። 4 ዓመት ሊያገለግል የሚችለው በ35 ዲግሪ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ 2 ዓመት ብቻ ይሠራል። በአዳማና በመተሐራ ፀሐይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ መስጠት ገንዘብ አይጠይቅም፤ አሳቢ ሰው ብቻ ይጠይቃል። ከክትባት ማቀዝቀዣ ታሪክም እንማር። የቀደሙት የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች በባትሪያቸው ምክንያት እየተበላሹ ስላስቸገሩ፣ አሁን ቅዝቃዜውን በበረዶ መልክ አጠራቅመው ያለ ባትሪ የሚያድሩ ተሠርተዋል። ያለ ባትሪ የሚሆን ነገር ካለ ያንን እንምረጥ።

መ/ ጠጋኝን ማክበር። በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ ገበያ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግኑ ብልህ ወጣቶች አሉ። ሥራቸውን የሚያውቁ መሆናቸውን አይተን፣ የበሽተኛ መረጃ ያለበትን ክፍል አስቀድመን አውጥተን ወይም አጥፍተን ብናሠራቸው መሣሪያው ዕድሜ ያገኛል፤ ወጣቱም እንጀራ ያገኛል።

ሠ/ ሲሰጡ የመመለሻውን መንገድ አብሮ መስጠት። ከአሁን በኋላ ማንኛውም ባትሪ ወይም ኮምፒዩተር ከጣቢያችን ሲወጣ በአንድ መዝገብ ሦስት ነገር ይጻፍለታል፤ የመጣበት ቀን፣ ኃላፊው ሰው፣ የሚመለስበት ቦታ። የሞተው ባትሪ ሳይፈለጥ፣ አሲዱ ሳይደፋ፣ ዝናብ በማያገኘውና ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይጠበቃል። አዲስ ባትሪ የሚያመጣው መኪና አሮጌውን ሳይጭን አይመለስም። የተሰበሰበውንም በደንቡ መሠረት ለሚረከብ አካል ለማድረስ ከከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ጋር እንነጋገራለን።

ረ/ ገንዘቡን አስቀድሞ መመደብ። ከማንኛውም የመሣሪያ በጀት ከመቶ አሥሩ ለጥገናና ለማስወገጃ እንዲቀመጥ ወስነናል። ይህ ማለት አሥር ታብሌት በሚገዛበት ገንዘብ ዘጠኝ እንገዛለን ማለት ነው። ለደጋፊዎቻችን በግልጽ የምንናገረው ይህ ነው፤ ቁጥሩ በሪፖርት ላይ ሲያንስ ብታዩ አትዘኑብን።

ወደዚያ ጤና ኬላም ተመልሰናል። የቀሩትን ሁለት ባትሪዎች ጭነን መጣን። አሲድ የተደፋበትን አፈር ከባለሙያ ጋር ተማክረን አስነሣን፤ ቦታውንም አጠርን። ባትሪ ያቀለጡትን ወጣቶች አልከሰስንም፤ እነርሱም የመርዙን ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም። ሁለቱ አሁን ከየጣቢያው አሮጌ ባትሪ እየሰበሰቡ በክፍያ ያመጡልናል። በጥሬ እጃቸው እንዳይነኩ ጓንት ሰጥተናቸዋል፤ እንዳይፈልጡም ተስማምተናል። ስለ ሕፃናቱ ግን ልባችን ገና አላረፈም። የተዋጠ እርሳስ በዓይን አይታይም፤ ልጆቹን አስመርምሩ ብለን ለወላጆቻቸው መንገር ነበረብን፤ ነገርንም። ለመናገር ካሰብነው ሁሉ የከበደን ይህ ነበር። እናቶቹ ሰሙን፤ አንዲቱ እናትም «ቀድማችሁ ብትነግሩን ምን ነበረበት?» አለችን። እውነቷን ነው።

9. ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በጉባኤያችሁ ወይም በጣቢያችሁ ግቢ ውስጥ የተበላሸ ባትሪ፣ ጄኔሬተር ወይም ኮምፒዩተር አለን? ከመቼ ጀምሮ? ማን ኃላፊ ነው?

2. ስጦታ ስንቀበል «ሲያልቅ ወዴት ይሄዳል?» ብለን ለመጠየቅ የሚያሳፍረን ለምንድን ነው? ሰጪውስ ያልነገረን ለምን ይመስላችኋል?

3. የወንጂ አካባቢ ሰዎች በውኃ ምክንያት የደረሰባቸውን የሚያውቁ አረጋውያን በመካከላችሁ ካሉ ታሪኩን እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለዛሬው ሥራችሁ ምን ትወስዳላችሁ?

4. መብራት በጠፋበት ሌሊት የምትወልድ እናትና በጓሮው የሚጫወት ሕፃን ሁለቱም በአደራችሁ ሥር ናቸው። በአንዱ ዓመት በጀት ሁለቱን ለማገልገል ምን ትቀንሳላችሁ? ምን ትጨምራላችሁ?

5. አዲስ ዕቃ ሲመረቅ ፎቶግራፍ እናነሣለን። አሮጌው ዕቃ በሰላም የተሸኘበትን ቀን የምናከብርበት መንገድ ይኖር ይሆን?

ውድ አንባብያን፥ ይህን ትምህርት የጻፍነው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ያ ባትሪ የእኛን ድርጅት ስም የያዘ ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። ቀፎው ሲፈለጥ ወረቀቱ አልተቀደደም፤ ስማችን በአፈሩ ላይ እስከ አሁን ይነበባል። በሚቀጥለው ጊዜ ስማችን የሚነበብበት ቦታ እንዲለወጥ ከእኛ ጋር አስቡ፤ ከእኛም ጋር ጸልዩ።